የዛሪማን ሐኪም ለመጥራት የሄድሁበት መንገድ

ማክሰኞ

«አንቺ የምትላኪው ሌላ የሚሄድ ሰው ስለጠፋ ነው። እዚያ ስትደርሺም አፍሽን ያዢ፤ ሰው ሁሉ እንደ እኛ አይችልሽም።»

ይህን ያለኝ የሆስፒታላችን አስተዳዳሪ ነው፤ ማኅተም ያረፈባቸውን ሁለት ፖስታዎች እያቀበለኝ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ። አልተቀየምሁም፤ እውነቱን ነው። ከእኔ ሌላ ያሉት ሁለት ጸሐፊዎች ወንዶች ናቸው። የአንደኛው ሚስት አራስ ናት፤ ሁለተኛው ሊማሊሞ ሲባል ገና ራሱን ያዞረዋል። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥንም እንደ እሥራት ነው የምቆጥረው። ሐሳቡን ሳይለውጥ ፖስታዎቹን ተቀብዬ ወጣሁ።

የተላክሁበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልናገር። በከተማችን በጎንደር ሆስፒታል ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። በሽተኛ ሲገባ ስሙን፣ አገሩን፣ የደረሰበትን ነገርና የላከውን ሰው እጽፋለሁ፤ ፈረንጁ ሐኪማችን የሚለውን ወደ አማርኛ፣ በሽተኛው የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ከገጠር የሚመጣልንን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ከመነሻው የተደረገለት ወይም ያልተደረገለት ነገር ነው። የሚልኩልን በየአገሩ ያሉ ድሬሰሮች ናቸው። ድሬሰር ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ክኒን ይሰጣል፤ የተማረው ይህንኑ ነው። ያገሩ ሰው ግን ሐኪም ይለዋል፤ ሌላ የለማ።

ሐኪማችን ታዲያ አንድ ነገር አሰበ። ሦስት ድሬሰሮች ለዐሥራ አምስት ቀን መጥተው ድንገተኛ ክፍል ይቁሙ፤ አጥንቱ የተሰበረ፣ ደም የሚፈስሰው፣ ምጥ የጠናባት ስትመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ይዩ። ምንም አይነኩም፤ ማየት ብቻ። አስተዳዳሪው ማደሪያና ቀለብ የፈቀደው ሦስት ሰው ከሞላ ነው፤ አንድ ከጎደለ ነገሩ ይቀራል። ሐኪሙም ገና ሲያልፍ አገሩ ስለሚገባ፣ ወይ የፊታችን ሰኞ ይጀመራል፣ ወይ ከነጭራሹ አይጀመርም። የአይከሉ ድሬሰር እሺ ብሎ ጽፏል። የዳባቱና የዛሪማው ግን ደብዳቤ ቢላክ ቢላክ ድምፃቸው ጠፋ። እነዚህን ሁለቱን አሳምኖ ማምጣት ነበር የእኔ ሥራ።

የነቢያት ጾም ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። አባቴ ቁስቋም የሚያስተምር መሪጌታ ነው፤ ሴት ልጁ በጭነት ማኪና ስትሄድ ማየት ስላልፈለገ ጠዋት ፊቱን አዙሮ ዳዊቱን ደገመ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ። ማኪናው ኑግ ወደ አሥመራ የሚጭን አሮጌ የጣሊያን ትሬንታ ኳትሮ ነው፤ ሾፌሩ አቶ ተስፋይ ይባላሉ፣ ያሥመራ ሰው ናቸው። ከጎናቸው አስቀመጡኝና በአንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ፦ በዳገት ላይ እንዳላናግራቸው። ከጎንደር እስከ ዳባት ዳገት ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ዳቦ ቆሎውን በላሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ አለቀ።

እዚያው አካባቢ ጎማ ፈነዳ። ክሪኩ መሬቱ ውስጥ እየሰመጠ ማኪናውን አላነሣም አለ። እኛ ሰፈር ማኪና ቢቆም ሰው የሚሰበሰበው ለመሳቅ ነው። የዚህ አገር ገበሬዎች ግን ገብስ ያጭዱ ነበር፤ ማጭዳቸውን ጥለው፣ ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ አንድ ትልቅ ግንድ ተሸክመው መጡ፤ ከሥር አስገብተው ብድግ አደረጉት። አንድ ሽማግሌ ጆንያዎቹን ሲቆጥሩ ቆይተው፣ ይህ ሁሉ ኑግ ማኪናይቱ በመንገድ የምትበላው እንደሆነ አቶ ተስፋይን ጠየቁ። አቶ ተስፋይ እሷስ ከዚህ የባሰ ነው የምትበላው አሉ። አንዲት ሴት የተልባ ውሃ በቅል አመጣችልን፤ ለሁላችንም አንድ ቅል ነው፣ ተቀባብለን ጠጣን።

ዳባት የደረስነው ሊመሽ ሲል ነው። የድሬሰሩን ቤት ጠይቄ ሄድሁ። ጌጡ ይባላል፤ ሚስት ገና አላገባም፣ ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። እናቱ ማን ነሽ፣ ምን ፈልገሽ ነው ሳይሉኝ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ። የገብስ እንጀራ በሽሮ በላን። የዳባት ብርድ ከቁስቋም ብርድ ሌላ ነው፤ የእኛው ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ይኸኛው ገብቶ ይቀመጣል። ከሴትዮዋ ጋር አንድ መደብ ላይ ተኛሁ፤ ጋቢያቸውን ለእኔ ደርበው እሳቸው በነጠላ አደሩ፤ ይህን ያወቅሁት ጠዋት ነው።

ረቡዕ

ጌጡ ክሊኒኩን ሲከፍት አብሬው ሄድሁ። አንዲት ክፍል ናት፤ ከእኛ ድንገተኛ ክፍል መተላለፊያ ትጠብባለች። ደጃፉ ላይ ሰው ሞልቷል። እጁ ፈጣን ነው፤ አንዱን ሲጨርስ ዐይኑ ሌላው ላይ ነው። ለደብዳቤው ለምን መልስ እንዳልሰጠ ስጠይቀው ማሰሪያውን እየጠቀለለ አቀረቀረ። እንዳቀረቀረ ነገረኝ። ሆስፒታሉ ውስጥ ከእሱ በዕድሜ የሚያንሱ ተማሪዎች አሉ አሉ፤ እነሱ ሲሠሩ እሱ ቆሞ ሲያይ ምን ይሉታል?

«ደግሞስ ዐሥራ አምስት ቀን ዝም ብዬ ስቆም እጄን ምን ላድርገው?»

እናቱ ምሳውን ይዘው ደጃፉ ላይ ነበሩ። «ኪስህ ውስጥ ክተተው እንጂ፣ ምን ታደርገዋለህ» አሉት፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ዲያቆን እንደነበረ ከእናቱ ስለሰማሁ በሚያውቀው ነገር ያዝሁት። አባቴ ዘንድ ቅኔ ሲያስተምር የኖረ፣ ጠጉሩ የሸበተ መምህር ትርጓሜ ሊሰማ ይመጣል። መጀመሪያ ዓመት ከልጅ እግር ተማሪዎች ጋር መሬት ተቀምጦ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ይሰማል። የሚስቅበት የለም፤ ይልቅ አላዋቂ የሚባለው ያልመጣው ነው። ይህን ነገርሁት። ጌጡ ለአንድ በሽተኛ መርፌ ወጋና፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚገኘው ማኪና እመጣለሁ አለኝ። ደብዳቤው ላይ ፈረመ። እንዲህ ቀላል ከሆነ የዛሪማውንም በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ ብዬ ጮቤ ረገጥሁ፤ የዚህን ዋጋ በማግሥቱ አገኘሁት።

አቶ ተስፋይ ጎማቸውን አስጠግነው ሲጨርሱ ተነሣን፤ ደባርቅ አደርን። ስለ ደባርቅ ብዙ የምለው የለኝም። ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ቆርቆሮ ቤት ሆቴል ተብሎ አከራዩን፤ በእንስራው ያደረ ውሃ ጠዋት ፊቱ ላይ ስስ በረዶ ይዞ ነበር። ባለቤቲቱ ልታጠብ ስል አይታ ውሃውን ከእጄ ነጠቀችኝ፤ አሙቃ መለሰችው።

ሐሙስ

ሊማሊሞ ከላይ ሲያዩት መንገድ አይመስልም፤ ድመት የተጫወተችበት ክር ነው የሚመስለው። አቶ ተስፋይ በየመታጠፊያው ያማትባሉ። አንድ ቦታ ላይ፣ ከታች ሌላ ማኪና ጡሩምባ እየነፋ ሲመጣ፣ በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በአንዱ ሲያማትቡ ትዕግሥቴ አለቀ። በሁለቱም እጅዎ ይያዙ፣ እኔ አማትብልዎታለሁ አልኋቸው። ሳቁ፤ ግን ያዙ። እኔም እስከ ታች ድረስ ቃሌን ጠበቅሁ፤ ቀኝ ክንዴ ዛለ።

ቁልቁል በወረድን ቁጥር አንድ ልብስ አወልቃለሁ። ጠዋት ውሃ በረዶ ከሆነበት አገር ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ላብ ባጠመቀው ሰው መሐል መቆም ይገርማል። ዛሪማ የገባነው በገበያ ቀን ነው። ማሽላ፣ በርበሬ፣ ፍየል፤ ከደጋ ለአዝመራ የወረደው ሠራተኛ ደግሞ በየጥላው ተኝቶ በወባ ይንቀጠቀጣል። የክሊኒኩ በር ዝግ ነበር። የድሬሰሩ ሚስት ወይዘሮ ዘርፌ ከጓሮ መጥታ፣ አቶ ታከለ በበቅሎ ወንዝ ማዶ ወባ የበዛበት መንደር መሄዱን፣ ሲመሽ እንደሚመለስ ነገረችኝና ከጥላ ተቀምጬ እንድጠብቅ ለመነችኝ። መጠበቅ ብችል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ፖስታው ላይ «በጭቃ ሹሙ በኩል» ይላል። ጭቃ ሹሙ አያ ገብሩ ገበያው ውስጥ ከሾላ ሥር ነገር ሲሰሙ አገኘኋቸውና አቀበልኋቸው። አያ ገብሩ ማኅተሙን አይተው ተነሡ። ለካስ በዚያ አገር ማኅተም ያለው ወረቀት በልብ አይነበብም፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ነው የሚነበበው። አንድ ደብተራ ጠርተው ድንጋይ ላይ አቆሟቸው። ደብተራው ድምፃቸው የማኅሌት ድምፅ ነው። የእኛ አስተዳዳሪ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ቢጽፍ እንኳ ቃሉ እንደ ችሎት ነው። «ድሬሰር ታከለ እስከ ሰኞ ጥዋት ጎንደር እንዲቀርቡ ታዘዋል» ብለው ደብተራው ሲያነቡ ገበያው ተንጫጫ። ከዚያ በኋላ ስለ ማየትና ስለ መማር የተጻፈውን የሰማ የለም። በዛሪማ ስሙ በማኅተም ተጠርቶ ጎንደር የሚሄድ ሰው ወይ ተከሷል ወይ ሊታሰር ነው።

በርበሬ ሻጯ አለቀሰች። አንዱ፣ ሐኪማችን ምን አድርጎ ነው አለ። ላስረዳ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፤ ይኸው ከሳሹ ይቺ ናት ተባለ። ወረድሁ።

አቶ ታከለ ሲመሽ በበቅሎው መጣ። ሃምሳ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኑን ኮርቻው ላይ የጠቀለለ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሦስት ሰው አስቁሞ መታሰሩን ነግሮታል፤ አንዱማ ሚስቱን እኔ እጦርልሃለሁ ብሎት ነበር። ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ በዚህ ቆላ ኖሬ ሰው በክፉ ስሜን አንሥቶት አያውቅም፤ አንቺ በአንድ ገበያ ወንጀለኛ አደረግሽኝ አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። የመጣሁበትን ስነግረውም ማየት ብቻ ነው የሚለውን ሳልጨርስ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁትን ከማን አያለሁ ብሎ ዝም አሰኘኝ። በልቤ አንድ ጎደለ፣ ነገሩ ቀረ አልሁ።

ወይዘሮ ዘርፌ እራት አቀረበች። አቶ ታከለ እንጀራውን እየቆረሰ፣ እኔን ሳያይ ጠየቀኝ።

«በመስከረም አንዲት የበየዳ ሴት ልኬ ነበር። ማሽላ ስትጠብቅ ከማማ ወድቃ ክንዷ የተሰበረ። ደረሰች?»

«ደርሳለች።»

«ዳነች?»

«ድናለች። እጇ ግን ተቆርጧል።»

የቆረሰውን ሳይጎርስ ቀረ። አስተዳዳሪው አፍሽን ያዢ ብሎኝ ነበር፤ ግን ያንን ቀን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ሴቲቱ ስትጮህ ለሐኪሙ የመለስሁትም እኔ ነኝ።

«ወጌሻው ያሰራት ጠብቆ ነበር። እርስዎ በላዩ ሻሽ ጠቀለሉበት እንጂ አልፈቱትም። በሁለተኛው ቀን እኛ ስንፈታው ጣቶቿ ጠቁረዋል። ሐኪሙ እዚህ ዛሪማ ተፈትቶ ቢላላ ኖሮ እጇ ይተርፍ ነበር አለ።»

«ምነው ልጄ» አለች ወይዘሮ ዘርፌ፣ «እራቱን እስኪበላ ብትታገሺው?»

አቶ ታከለ የቆረሰውን መልሶ ገበታው ላይ አኖረ። ከዚያ ለእኔም ለእሷም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ፣ በእኛ አገር የወጌሻን እሥር ሌላ ሰው አይፈታም አለ። ወጌሻው በእጁ ዳብሶ፣ አጥንቱን ገጥሞ፣ በሽመል አስሮ ከሄደ በኋላ የሚፈታው ራሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ከፈታው ሥራውን አፈረሰበት፣ ስሙን ገደለው ማለት ነው። ወጌሻው አያ ወርቁ ደግሞ ያክስቱ ልጅ ነው። መጥበቁን በዐይኑ አይቶታል። አይቶ፣ አፍሮ፣ በላዩ ጠቅልሎ ላካት።

እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ስወጣ አቶ ታከለ ጋዋኑን አጥቦ እያሰጣ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ አላየም። «እሄዳለሁ» አለ፤ ሌላ የለም።

እሱ ቢልም አገሩ አላለም። ደጃፉ ላይ ሽማግሎች ተቀምጠዋል፤ ከበስተኋላቸው ወጌሻው አያ ወርቁ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል። ሾላው ሥር ተወሰድን። አቶ ታከለ ተነሥቶ አልተከሰስሁም፣ ለማየት ብቻ ነው የምሄደው አለ። አንድ ሽማግሌ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እኛን ያየኸን አልበቃ ብሎህ ነው ወይ ብለው አሳቁበት። ነገራቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ካሁን ቀደም ትምህርት ቤት የከፈተላቸው መምህር ለጥቂት ቀን ጎንደር ተብሎ ተጠርቶ ሄደ፤ ቀረ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ የፍየል ጋጣ ነው። ወባው ደግሞ አሁን ነው የሚገድለው። ክኒኑን ማን ይሰጠናል አሉ።

«ድሮስ ማን ይሰጣችሁ ኖሯል?» አለች ወይዘሮ ዘርፌ ከሴቶቹ መሐል። «እሱ መርፌውን ሲቀቅል ክኒኑን የምቆጥረው እኔ አይደለሁ?»

ይህ ተዋጠላቸው። አያ ገብሩ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። ሐኪሙ ይሂድ አይሂድ የመንግሥት ነገር ነው፤ እኛ የምንለው እንዲመለስ ዋስ ይጠራ ነው አሉ። ወረቀቱን ያመጣችሁ እናንተ፣ ዋሱንም አምጡ።

ጎንደር ላይ ቢሆን ግማሹን ቁስቋም ዋስ እጠራ ነበር። ዛሪማ ላይ የማውቀው ሰው ቢኖር አቶ ተስፋይ ናቸው፤ እሳቸውም ትናንት ወደ አሥመራ አልፈዋል።

«ዋስ የለኝም» አልሁ። «እስኪመለስ እኔን ያዙኝ።»

ሳቅ ሆነ። አያ ገብሩ ሳይስቁ መረመሩኝ። መፍጨት ትችያለሽ? አልችልም። መጋገርስ? ያርብኛል። ውሃ ትቀጃለሽ? እቀዳለሁ፣ ግን መንገዱን ማን ያሳየኛል። «እንግዲያ መያዣ ሆነሽ ምን ትሆኝናለሽ፣ የጎንደሯ?» አሉ፤ ይኼኔ እሳቸውም ሳቁ። ስም እጽፋለሁ፣ የመጣውን በሽተኛና የወሰደውን ክኒን እመዘግባለሁ አልሁ። ያ ሁሉ ሰው ሲንሾካሾክ፣ ትናንት ደብዳቤውን ያነበቡት ደብተራ ያባቴን ስም ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ተነሥተው፣ መሪጌታን አውቃቸዋለሁ፣ ድጓ ስማር ደጃቸው ነው የለመንሁት፤ እሳቸው ልጃቸውን ዛሪማ ትተው የሚቀሩ ሰው አይደሉም፤ ሐኪሙ ባይመለስ መሪጌታ ራሳቸው እጁን ይዘው ያመጡታል አሉ። አባቴ በጭነት ማኪና መሄዴን እንዴት እንዳየው አልነገርኋቸውም።

አያ ገብሩ በምርኩዛቸው መሬቱን ነካ አደረጉ። «ሸጋ ነው። ትያዝ።»

ቅዳሜ

አቶ ታከለ የታጠበ ጋዋኑን ጠቅልሎ ሽንኩርት በጫነ ማኪና ተሳፈረ። ለአስተዳዳሪው ያለሁበትን የምትገልጽ ወረቀት ሰጠሁት፤ ሁለት መስመር ናት፣ ምክንያቱም ቢረዝም የሚያምነኝ አልመሰለኝም። ማኪናው ከዐይን እስኪጠፋ ሰው ሁሉ ቆሞ አየ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

መያዣ ሆኜ የቆየሁባቸው ቀናት

በዚያ ቆላ ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም። ከወይዘሮ ዘርፌ ጋር ግቢው ውስጥ ጠፍር አልጋ ላይ ተኛን። ትንኙን የምታባርረው በከብት ኩበት ጭስ ነው፤ ትንኙ ሄደ አልሄደ እንጃ፣ እኔ ግን ታፈንሁ። ቁስቋም ሲነጋ የሚቀሰቅሰኝ የተማሪዎች ዜማ ነው። እዚህ አያ ገብሩ ናቸው፤ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

ይሄዳሉ። ከእሳቸው ሌላም በአጥሩ ያለፈ ሁሉ አንገቱን ሳያሰግግ አያልፍም ነበር፤ ግን ባዶ እጁን አይመጣም። ማንም እስረኛ እንዲህ የተቀለበ አይመስለኝም። ጥንቅሽ፣ የማሽላ እሸት፣ ሎሚ፣ ያችው ያለቀሰችው በርበሬ ሻጭ አንድ ቀን ሱፍ ፍትፍት። ጥንቅሽ እንዴት እንደሚላጥ ስላላወቅሁ ከንፈሬን ቆረጥሁት፤ በማግሥቱ አንዲት ሴት ልጣ፣ ቆርጣ፣ እንደ ሕፃን አቀረበችልኝ።

ወይዘሮ ዘርፌ ክኒን ትቆጥራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ማንበብ አትችልም፤ ግን የእያንዳንዱን በሽተኛ ትኩሳት ያለፈውን ሳምንት ጭምር ታውቀዋለች። የጻፍሁትን ስታስነብበኝና እሷ የምታስታውሰው ሲለይ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ወባ ያዘኝ። ብርድ ብርድ ሲለኝ ደባርቅ ያለሁ መሰለኝ። ዘርፌ ክኒኑን አፌ ውስጥ በጣቷ አስገብታ አፍና ያዘችኝ፤ ሦስት ቀን እንዲሁ አደረገች። ወሬው ሲሰማ ግቢው ሞላ። አያ ገብሩ ራስጌዬ ተቀምጠው ለሰዉ ሲናገሩ ሰምቻለሁ፦ የሰው መያዣ እጃችን ላይ ከሞተ ሐኪሙንም አናገኝ፣ ከመሪጌታውም አንታረቅ፣ ስለዚህ የሚሳል ሁሉ ይሳል አሉ። ለዛሪማ ማርያም ጧፍ የተሳለልኝ ቁጥሩን አላውቀውም። በአራተኛው ቀን ሽሮ አምጡልኝ ስል እልል ተባለ።

አንድ ሾፌር ከአስተዳዳሪው መልስ አምጥቶልኝ ነበር። «ያለ ፈቃድ ቀርተሻል። ስትመለሺ እንነጋገራለን። ሦስቱም ደርሰው ሰኞ ጥዋት ጀምረዋል» ይላል። የመጨረሻዋን አንዲቷን መስመር ብቻ ለዘርፌ አነበብሁላት። ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ።

ረቡዕ

ቀኑ ሞልቶ ሁለት ቀን ሲያልፍ፣ ረፋድ ላይ አንድ ማኪና አቶ ታከለን አወረደው። ከስቷል፤ ጎንደር የበረደው ይመስላል። ሰው ከቦ ሲስመው፣ አያ ገብሩ ጋዋኑን በእጃቸው እየዳበሱ በእውነት እሱ መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ እኔ ቦርሳዬን ማዘጋጀት ጀመርሁ፤ ወደ ጎንደር የሚመለስ ማኪና ከምሳ በፊት ያልፋል ተብሎ ነበር። አቶ ታከለ ሁለት ነገር ብቻ ነው የነገረኝ። ጌጡ ዐሥራ አምስቱን ቀን እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆመ። እሱ ራሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ከማፈር የተነሣ በር ጥግ ሆኖ ነው ያየው፤ በሁለተኛው ሳምንት ሐኪሙ ክንዱን ይዞ አስጠጋው።

ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ቃሬዛ መጣ። አንድ ጎልማሳ ነው፤ ማለዳ ግንድ ሲቆርጡ እግሩ ላይ ወድቆበታል። ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በሽመል ታስሯል። ከቃሬዛው ጎን አያ ወርቁ ወጌሻው ምርኩዙን ይዞ ይራመዳል። ያሰረው እሱ ነው፤ ሐኪሙ የሚያደንዝ ክኒን ሰጥቶ ወደ ጎንደር እንዲልክለት ብቻ ነው ያመጣው።

አቶ ታከለ ተንበረከከ። የሰውዬውን የእግር አውራ ጣት ጥፍር በጣቱ ተጫነና ለቀቀ። ጠበቀ። እንደገና ተጫነ፤ ጥፍሩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀና ብሎ ያክስቱን ልጅ አየው።

«አያ ወርቁ፣ ይህ ይፈታል።»

«የሠራሁት?»

«የሠራኸው። ደሙ እየወረደ አይደለም። አጥንቱን ሸጋ አድርገህ ገጥመኸዋል፤ እኔ እንዲህ አድርጌ መግጠም አልችልም። ግን ጠብቋል። ፍታው፤ አብረን አላልተን እናስረዋለን።»

አያ ወርቁ ሰዉን ዞሮ አየ፤ አያ ገብሩን አየ፤ አያ ገብሩ መሬት መሬት ያያሉ። በሽተኛው በቃሬዛው ላይ ሆኖ፣ እባካችሁ ከሁለት አንዳችሁ ቶሎ በሉ አለ።

ከመንገዱ ጡሩምባ ተነፋ፤ የጎንደሩ ማኪና ነው። ማንም ዞር አላለም።

አያ ወርቁ ምርኩዙን አስቀመጠ። ቁጢጥ ብሎ ጎንበስ አለና የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጥርሱ ያዘው። አንዱ ሽመል ተነሣ፣ ሁለተኛው ተነሣ። አቶ ታከለ የሰውዬውን ጥፍር ተጭኖ ለቀቀ፤ ጠበቀ። «ና፣ እይ» አለው። ሁለቱም ራሳቸውን አጋጥመው አንድ ጥፍር ሲያዩ፣ ከላያቸው ላይ ወይዘሮ ዘርፌ አንገቷን አስግጋ፣ «ደሙ መጣ፣ ቀላ» አለች።

ጡሩምባው እንደገና ተነፋ። ዘርፌ ሮጣ ቦርሳዬን አቀበለችኝ፤ ጉንጬን ሳመችኝና ወደ ቃሬዛው ተመለሰች። አቶ ታከለ ሻሽ እንዲያቀብሉት እጁን ወደ ኋላ ዘርግቷል። በአጥሩ ወጣሁ፤ መሰላሉን ረግጬ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ማኪናው ወደ ሊማሊሞ ተነሣ።